ኮንዊ ስንት ነው? ከተማው፣ ወንዙ እና ያ ስም ያጣሁለት ውሃ

ከቀበና_ወዲህ

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት የሆንኩትን ላጫውታችሁ። መጨረሻው ላይ ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ ዘላችሁ አትሂዱ።

የምኖረው ማንቸስተር ነው። የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ሰሜን ዌልስ ወስጄ ሁለት ሌሊት ላሳድራቸው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ «ኮንዊ» ብዬ ፈለግኩ። ግንብ አለ፣ ባሕር አለ፣ ከኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዋጋው ደህና የሆነ ክፍል አገኘሁ። አድራሻው ላይ በትልቁ «ኮንዊ» ይላል። ከፈልኩ።

ዓርብ ማታ ተነሳን። ግንቡ በመብራት ደምቆ ከሩቅ ሲታይ ልጆቹ መኪናው ውስጥ ጮኹ። ወዲያው ስልኩ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለኝ። ታጠፍኩ። ግንቡ ከኋላችን ቀረ። ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው፣ ዛፍ ነው፣ የድንጋይ አጥር ነው፣ በግ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ነዳሁ። ባለቤቴ ዝም ብላለች። ያን ዝምታ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ባትሪ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ይቅርታ፣ እኛ የያዝነው ኮንዊ ነበር» አልኳቸው።

«ኮንዊ ነው እንጂ!» አሉ። ባትሪውን ወደ ቁልቁለቱ አበሩት። ከታች የውሃ ድምፅ ይሰማል። «ያውልህ ኮንዊ።»

ለካ ወንዙን ነው።

ጠዋት ተነስተን አየነው። እንደ ቀጭን ሻይ የቀላ ውሃ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተወረወረ ይወርዳል። ከዚያ እሱን ተከትለን ከተማው ወረድንና ግንቡ ሥር፣ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ጋ ቆምን። ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ውሃውን ስታይ ቆየች። «አባዬ» አለችኝ፣ «ወንዙ ተሳስቷል።»

አየሁ። እውነትም ውሃው ከባሕሩ ወደ ተራራው ይሄዳል! የታሰሩት ጀልባዎች በሙሉ አፍንጫቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በግንቡ ሥር አልፎ እኛ ወደመጣንበት ይጓዛል።

«ይሄ ወንዝ ነው ባሕር?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ መልሱ አንድ ቃል ነው፣ «ኤስቹዋሪ»። በአማርኛ ግን አፌ ላይ አልመጣ አለ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ «በአማርኛ ተናገሩ» እያልኩ የማስቸግር አባት ነኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ። አንደኛ፣ ከተማው ኮንዊ፣ ወንዙ ኮንዊ፣ ያ ወደኋላ የሚሄደው ሰፊ ውሃ ኮንዊ። ማን ነው ከማን የወሰደው? ሁለተኛ፣ ያንን ውሃ በአማርኛ ምን እንበለው?


ሳቂታው

አዋሽ ወንዝ ነው። አዋሽ ከተማ ነው። ፓርክ ነው። ባንክ ነው። ወይን ጠጅም ነው። እስከ ዛሬ ግን አዋሽ እሄዳለሁ ብሎ ተነስቶ ባንክ ውስጥ ያደረ ሰው አልሰማሁም። ችግሩ ስሙ ላይ አይመስለኝም ወንድሜ።


ከቀበና_ወዲህ

😂 ያደርኩበትን መንደር ስም ብነግርህ ደግሞ ትሞታለህ። «ቤቱስ» ይባላል። ሙሉው «ቤቱስ ኧ ኮይድ» ነው። እኔ ቤት ጠፍቶብኝ በጨለማ እየነዳሁ፣ ታፔላው «ቤቱስ?» ይለኛል።


ብርቱካን_ለ

ቤቱስ 😂😂 እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ በዚህ ጆሮ ሰምቼው አላውቅም። ትርጉሙ እኮ «በጫካው ውስጥ ያለው የጸሎት ቤት» ነው። ኮይድ ማለት ጫካ፣ ቤቱስ ደግሞ የጸሎት ቤት። ከኛ «ቤት» ጋር ዝምድና የለውም፣ መገጣጠም ነው። ግን እንዴት ያለ መገጣጠም ነው።

ደግሞ ሰውየው አልዋሹህም። ኮንዊ የሚባል የአስተዳደር ክልልም አለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ። ቤቱስም እዚያው ውስጥ ነው። የክፍሉ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው የክልሉ ስም ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነው ያልከውን አራት አድርገው። ሸለቆው፣ የባሕሩ ወሽመጥ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው ተራራና ወንዙ የሚነሳበት ሐይቅም ኮንዊ ናቸው። ቁጠር።


ጋሼ_ካርታ

ልጆች፣ ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው አጭር መልስ አያውቅም።

የስሙ ባለቤት ወንዙ ነው። በዚህ አትጠራጠሩ። ወንዙ የሚነሳው ሚግናይንት ከሚባል ረግረጋማ ደጋ፣ ኮንዊ ሐይቅ ከሚባል ቦታ ነው። ውሃው ሻይ የመሰለው ከዚያ ረግረግ የተነሳ ነው፤ የበሰበሰው ሣርና ቅጠል ያቀላዋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የአይሪሽ ባሕር ይገባል።

ሮማውያን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጡ ዛሬ ከተማው ያለበት ቦታ ላይ አልሠፈሩም። ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው፣ ኬርሂን በሚባለው ቦታ፣ ወንዙ ዳር ምሽግ ሠሩ። ምሽጉን «ካኖቪየም» አሉት። ስሙን በደንብ ስሙት። ካኖቪየም፣ ኮንዊ። ወንዙ በዚያን ጊዜም ይሄው ስሙ ነበረው ማለት ነው። ከተማው ለመወለድ ገና ከሺህ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

ከተማውስ? መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ገዳም ነው። ስሙም ኮንዊ ብቻ አልነበረም፣ «አበርኮንዊ» ነበር። «አበር» በዌልስ ቋንቋ ወንዝ ባሕር ወይም ሌላ ወንዝ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ካርታ ላይ አበር አበር የሚሉ ስሞች ስታዩ በዚህ ተርጉሟቸው። የገዳሙ ደጋፊ ታላቁ ሊዌሊን የሚባለው የዌልስ መስፍን ነበር። በ1240 ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

በ1283 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዌልስን ሲይዝ መነኮሳቱን ነቅሎ ወደ ላይ፣ ሸለቆው ውስጥ ማይናን ወደሚባል ቦታ አዛወራቸው። በቦታው ግንብና በቅጥር የተከበበ ከተማ አቆመ። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን የከተማው ሰበካ ሆኖ ቀረ። ጊዜ ሲሄድ «አበር» ከሰው አፍ ወደቀና ከተማው በወንዙ ስም ብቻ መጠራት ጀመረ። ያንተን መንከራተት ያመጣው ያች የወደቀች «አበር» ናት፣ ልጄ።


አንባቢ_7

ጋሼ አመሰግናለሁ። ግን ኮንዊ ራሱ ምን ማለት ነው? አንድ የጉብኝት ወረቀት ላይ «ዋናው ውሃ» ማለት ነው የሚል አንብቤአለሁ።


ብርቱካን_ለ

እሱ የወረቀቶቹ ተወዳጅ ትርጉም ነው። «ኪን» ማለት ዋና፣ «ግዊ» ማለት ውሃ፣ ተገጣጥሞ ኮንዊ። ያምራል። የቋንቋ ሰዎቹ ግን ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ግዊ» ውሃ ማለት ነው የተባለው ከወንዞች ስም መጨረሻ ላይ ተቆርጦ በኋላ የመጣ ግምት ነው ይላሉ። እነሱ የሚመርጡት ጋሼ ያነሱትን ካኖቪየምን ይዞ መሄድ ነው። «ካውን» የሚል የዌልስ ቃል አለ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። ሸምበቆ የበዛበት ወንዝ።

እኔ ቋንቋ አላጠናሁም፤ ልጆቼ እዚህ ተምረው ነው እኔም የለመድኩት። ግን ውሃው ሲጎድል ዳር ዳሩን ካያችሁት፣ ሸምበቆው ራሱ ይመሰክራል። እኔ ለሸምበቆው ነኝ።

አነባበቡን በተመለከተ፦ ኮንዊ ነው። ኮንዌይ አይደለም። ኮንዌይ የድሮ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው፣ አሮጌ ካርታና መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ዛሬ ታፔላው ሁሉ ኮንዊ ነው። እዚያ ሄዳችሁ ኮንዌይ ብትሉ የሚቆጣችሁ የለም፤ ግን ፈገግ ሳይሉ ያርሟችኋል።


የድሬ_ልጅ

ሁለተኛው ጥያቄ ተዘለለ እኮ። እኔን የያዘኝ እሱ ነው። «የወንዝ አፍ» ብንለውስ?


ከቀበና_ወዲህ

እኔም መጀመሪያ ያልኳት እሱን ነው። «አፍ ከሆነ ለምን ይተፋል?» አለችኝ። ምን ልበላት።


ጋሼ_ካርታ

ልጅህ ከብዙ ተማሪዎቼ ትሻላለች። አፍ አንድ ቦታ ነው፣ መጨረሻው ነው። ይሄ ግን ቦታ ሳይሆን ርዝመት ነው። የባሕሩ ሙላት በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሸለቆው ይገባል፣ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ድሮ ትሬቭሪው እስከሚባል መንደር ድረስ ጀልባ ጭነት ይዞ በሙላቱ ይገባ ነበር። ትሬቭሪውን ካርታ ላይ ፈልጓት። ተራራ ሥር ናት፣ ባሕር አይታያትም፣ ግን ወደብ ነበረች።

ቃሉ ለምን እንደቸገረን ልንገራችሁ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዋቢ ሸበሌ አብዛኛውን ጊዜ ሶማሊያ ውስጥ አሸዋና ረግረግ ይውጠዋል። ዓባይ ባሕር ይደርሳል፣ ግን የሚደርሰው ግብፅ ነው። ያውም እዚያ ሲደርስ የተሸከመውን አፈር ዘርግፎ ደለል ይሠራል፣ ሜዲትራኒያን ብዙም ስለማይሞላና ስለማይጎድል የሚጠርግለት የለም። ኮንዊ ጋ ግን የአይሪሽ ባሕር ሙላቱ ኃይለኛ ነው፤ አሸዋውን ሲያመጣ ሲወስድ ይውላል። ሸለቆው ራሱ በበረዶ ዘመን በግግር በረዶ የተቦረቦረ ነው፤ በኋላ ባሕሩ ከፍ ሲል ገባበት።

ደገኛ ሰው ያላየውን ነገር ስም አያወጣለትም። ስለዚህ ስም እንፍጠር ካላችሁ እፈቅዳለሁ።


ሳቂታው

«መገናኛ» በሉት። አለቀ። ጋሼ አበር ማለት ውሃ ከውሃ የሚገናኝበት ነው አላሉም? አበርኮንዊ፦ መገናኛ ኮንዊ። ታክሲም አለው። «መገናኛ ኮንዊ፣ ሁለት ሰው የቀረው!»


የድሬ_ልጅ

ሳቅኩ፣ ግን እኮ መጥፎ አይደለም። እኔ «ባሕረ ወንዝ» ልል ነበር። አሁን ሳየው መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል።


አንባቢ_7

«ባሕረ ሰላጤ» የሚል ቃል እያለ ምን አዲስ ቃል ያስፈልጋል?


ጋሼ_ካርታ

ባሕረ ሰላጤ ሌላ ነው። እሱ ራሱ ባሕሩ ነው፣ ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ። የኤደንን አስብ። ወንዝ አያስፈልገውም። ይሄ ግን ወንዝ ከሌለው የለም።


ድልድይ_ሠሪው

እኔ በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ ስለ ቃሉ አላውቅም፤ ያ ውሃ ሰዎችን ምን ያህል እንዳስቸገረ ግን ልንገራችሁ።

ድሮ መሻገሪያው ጀልባ ብቻ ነበር። ከለንደን ወደ አየርላንድ የሚሄደው ፖስታ በዚያ ያልፋል። በ1806 የገና ዕለት የፖስታ ሰረገላ መንገደኞችን የያዘች ጀልባ ተገልብጣ ከአሥር በላይ ሰዎች ሰጠሙ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1826፣ ቶማስ ቴልፎርድ የሰንሰለት ድልድይ ሰቀለ። ርዝመቱ መቶ ሜትር ያህል ነው። ማማዎቹን የግንቡ ታናሽ ወንድም አስመስሎ ነው የሠራቸው። ዛሬ በእግር ብቻ ነው የሚታለፈው።

በ1848 ሮበርት ስቲቨንሰን ከጎኑ የባቡር ድልድይ ሠራ። ይሄኛው እንደ ቧንቧ ነው፤ ባቡሩ በብረት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ሣጥኖቹን ዳር ላይ ገጣጥመው፣ በታንኳ ተንሳፍፈው ሄደው፣ ነው ወደ ላይ የተጎተቱት። ሜናይ በሚባለው የባሕር መሻገሪያ ላይ የነበረው ተመሳሳዩ፣ ትልቁ ድልድይ፣ በ1970 ተቃጠለ። ይሄ ቀረ። ከ1958 ጀምሮ ደግሞ ሦስተኛ፣ የመኪና ድልድይ አለ። ሦስቱም ተደርድረው ግንቡ ሥር ናቸው።

አራተኛ ቢጨመር ግንቡ ድራሹ ሊጠፋ ነው። ስለዚህ መሬት ውስጥ ገቡ። አንተ ያን ማታ ባትታጠፍ ኖሮ፣ ኤ55 የሚባለው አውራ ጎዳና በዚያ ዋሻ ነበር የሚያሳልፍህ። አሠራሩ ልብ ይሰርቃል። ዳር ላይ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። በጉድጓዱ ውስጥ ስድስት ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥን አፈሰሱ። ውሃ ሲለቁበት ሣጥኖቹ ተንሳፈፉ። አዎ፣ ኮንክሪት ይንሳፈፋል፣ ባዶ ከሆነና ጫፉ ከታሸገ። ጎትተው ወስደው ውሃው ሥር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አሰጠሟቸውና አገጣጠሟቸው። በ1991 ንግሥቲቱ መጥተው መረቁት። በብሪታኒያ በዚህ ዘዴ የተሠራ የመጀመሪያው ነው።

ጉድጓዱስ? ውሃ እንደያዘ የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ ሆነ። የወጣው ጭቃና አፈርስ? በዚያኛው ዳር ተዘርግቶ የወፎች መጠለያ ሆነ፣ ከ1995 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ዱሮም መሐንዲስ ቆሻሻውን የት እንደሚደፋ ካወቀ ግማሽ ሥራው አለቀ።


ከቀበና_ወዲህ

ወፎቹን አይተናል! ግንቡን ባሻገር ሆነን ያየነውም ከዚያ ነው። ከቅርቡ ይልቅ ከዚያ ያምራል።

ቀይዋን ቤትስ አያችኋት? ጀልባዎቹ ጋ፣ በብሪታኒያ ትንሿ ቤት የምትባለው። ስፋቷ 1.8 ሜትር ነው። የመጨረሻው ነዋሪ ቁመቱ 1.90 የሆነ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ እስከ 1900 ኖሮባታል። ልጄ እጇን ዘርግታ ሁለቱን ግድግዳ ልትነካ ትንሽ ቀራት። ባለቤቴ «ይቺን ነበር መያዝ» አለች። ከዓርብ ማታ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው።


የድሬ_ልጅ

ጥያቄ ለጋሼ። ንጉሡ ለምን እዚያ ላይ ሠራ? ተራራ ሞልቶ የለ እንዴ?


ጋሼ_ካርታ

ለመርከቡ ነው። ተራራ ላይ ያለ ምሽግ ከተከበበ ይራባል። ባሕር የሚገባበት ውሃ ዳር ያለ ምሽግ ግን ስንቁን ከኋላ በር ይቀበላል። ግንቡ በውሃው በኩል የራሱ በር ነበረው። ራሱ ኤድዋርድም ቀምሶታል። በ1294 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት፣ ዌልሶች ሲያምፁ፣ ወንዙም ሞልቶ፣ ሠራዊቱ ወዲያ ማዶ ቀርቶ እሱ ግንቡ ውስጥ ተከረቸመ። ያወጣው በባሕር የመጣው ስንቅ ነው።

የሠራው ማስተር ጄምስ የሚባል የሳቮይ ሰው ነው። ግንቡና የከተማው ቅጥር ከ1283 እስከ 1287 ነው የተሠሩት። በዚያ ዘመን ገንዘብ 15,000 ፓውንድ ያህል ፈጅቷል። ስምንት ትልልቅ ማማ አለው። ቅጥሩ 1.3 ኪሎ ሜትር ነው፣ 21 ማማና ሦስት በር አለው። ከ1986 ጀምሮ ከሌሎቹ የኤድዋርድ ግንቦች ጋር በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ተማሪዎቼ ሁሌም ይስቁበት ነበር። በደቡቡ ቅጥር ላይ አሥራ ሁለት መጸዳጃ ተደርድሯል። ከድንጋይ፣ ወደ ውጭ ወጣ ብለው። ዛሬም ቆመዋል። ቅርስ ናቸው።


ሳቂታው

ዩኔስኮ የመዘገበው ሽንት ቤት። ጋሼ ዛሬ ቀኔን አሳመሩት።


ብርቱካን_ለ

ግንቡ ያምራል፣ አልክድም። ግን የዌልስ ሰው ሲያየው ሌላ ነገርም ያያል። ቅጥሩ የተሠራው ለመጡት እንግሊዞች ነው። ዌልሶች ከቅጥሩ ውስጥ እንዲኖሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። የገዛ መስፍናቸው መቃብር የነበረበት ቦታ ነው እንግዲህ። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ልጆቹን አብረን ስንወስድ «ውብ ነው፣ ለእኛ ግን አልተሠራም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁላችንም አይስክሬም ገዛች።

አንዴ ግን ገብተውበታል። 1401፣ ኦዋይን ግሊንዱር የሚባለው የዌልስ መሪ በእንግሊዝ ላይ ባመፀ ጊዜ፣ ዕለቱ ስቅለት። ሪስና ግዊሊም የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የግንቡ ዘበኞች ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አንድ ሰው አናጢ መስሎ ወደ በሩ ሄደ፣ ሥራ አለኝ አለ። የቀሩት ዘበኞች ሲከፍቱለት ጉድ ሆኑ። ያን ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ግንብ በአንድ አናጢ ተያዘ። በኋላ ተደራድረው መለሱት።

የወንድማማቾቹ ሦስተኛ ወንድም ደግሞ ማሬዲዝ ይባላል። የእሱ የልጅ ልጅ ልጅ በ1485 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ፣ ሄንሪ ሰባተኛ። ቱዶር የሚባለው ቤት ከዚያ ነው። በበሩ እንቢ ያሉት በሌላ በኩል ገባ።


ማዕድ_ቤት

እናንተ ስለ ንጉሥ ታወራላችሁ፤ እኔ ሆድ ሆዴን ልበል። ኮንዊ ሬስቶራንት ውስጥ አንድ በጋ ሠርቻለሁ። የዚያ ውሃ ትልቁ ሀብት ሙስል ነው፣ በሁለት ጥቁር ዛጎል መሐል የሚኖረው። የሚያወጡት በማሽን አይደለም። ውሃው ሲጎድል ትንንሽ ጀልባ ላይ ቆመው፣ ዘንጉ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን መንሽ ወደ ታች ይሰዳሉ። እጃቸው ታችኛውን ያዳምጣል። ሲነካላቸው ይስባሉ። አንድ ሽማግሌ «ዓይን አያስፈልግም፣ ዘንጉ ይነግርሃል» ብለውኛል።

በከረጢት ሲመጣ እኔ ነበርኩ የማጥበው። ጭቃው፣ ጢም ጢም የሚል ገመዱ፣ ሽታው። ወንዝ ወንዝም ባሕር ባሕርም ይሸታል። ሁለቱም የሚገናኙበት ቦታ ስለሚያድግ ነው ይላሉ፤ ጣፋጭነቱም ከዚያ ነው አሉ።

አሉ የምለው ስላልቀመስኩት ነው። እናቴ እግዜር ይስጣትና «ቅርፊትና ክንፍ የሌለው ነገር አይበላም» የሚለውን ከልጅነቴ በአእምሮዬ ተክላለች። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሰው «እንዴት ነው?» እያልኩ ነው ጨው የለካሁት።


ሳቂታው

ሳይቀምስ የሚያበስል ሼፍ። እኔ እዚያ አልበላም።


ማዕድ_ቤት

እነሱ ግን ተሰልፈው በሉ 😌


አንባቢ_7

እኔ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እዚያ አካባቢ አንድ ነገር እንደተሠራ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


ድልድይ_ሠሪው

እውነት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሞርቫ በሚባለው ሜዳማ የባሕር ዳር። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ለወረደው ጦር ተንሳፋፊ ወደብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሙከራ ክፍሎቹ ከተሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። ሐሳቡን ካመጡት መሐል ሂዩ ሂዩዝ የሚባል የዌልስ መሐንዲስ አለ። ኮንክሪት የማንሳፈፍ ነገር በኮንዊ የቆየ ሥራ ነው እንግዲህ።


ብርቱካን_ለ

ከቀበና_ወዲህ፣ አንድ ነገር ሳልነግርህ። ያደርክበት አጠገብ፣ ወንዙ ላይ፣ «የአቫንክ ሐይቅ» የሚባል ጥልቅ ውሃ አለ። አቫንክ የተረት አውሬ ነው። ሲነቃነቅ ወንዙ ይሞላል፣ ማሳውን ይጠርጋል፣ ከብቱን ይወስዳል። ጦር አይበሳውም። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጃገረድ ዘፍና ዘፍና አወጣችው። ጉልበቷ ላይ ራሱን ጥሎ ተኛ። በሰንሰለት አሰሩትና በበሬ ጎትተው ተራራውን አሻግረው ስኖውዶን ላይ ያለ ሐይቅ ውስጥ ጣሉት። ሲጎትቱ ከበሬዎቹ አንዱ ዓይኑ ወጣ። የወደቀበት ቦታ ኩሬ ሆነ፣ ዛሬም «የበሬው ዓይን ኩሬ» ይባላል።

የእኔ ልጆች የሚያለቅሱት ለበሬው ነው። ለአውሬው ማንም አያዝንም።

በዛሬ ዌልስኛ ደግሞ «አቫንክ» ማለት ቢቨር ነው፣ ያ ውሃ የሚገድበው ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ። ወንዝ እየገደበ ሜዳ የሚያጥለቀልቅ እንስሳ እንዴት ጭራቅ እንደሆነ አስቡት።


ከቀበና_ወዲህ

ይሄን ለልጄ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ቃሉን በተመለከተ እሷ ራሷ ወስናለች። ትናንት ለአያቷ ስልክ ላይ ስታወራ ሰማኋት። «አያቴ፣ የሚመለሰው ወንዝ ጋ ሄድን» አለቻት። እናቴ ከቀበና ሆና ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። «ምን ረስቶ ነው የሚመለሰው?» አለች።


ጋሼ_ካርታ

«ተመላሽ ወንዝ»። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።


የድሬ_ልጅ

ቆይ ግን፣ ለክፍሉ የከፈልከው ገንዘብ ተመለሰልህ?


ከቀበና_ወዲህ

አልተመለሰም። ቅሬታ ጻፍኩ፣ «አድራሻው ትክክል ነው፣ ኮንዊ ነው» የሚል መልስ ላኩልኝ። ምን እላለሁ፣ ጋሼ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ። ሽማግሌው ግን ስንወጣ ለልጆቹ አንድ አንድ ፖም ሰጧቸው። ቁርሱም ጥሩ ነበር።